እንጉዳይና የጨው ዘፈን

እንጉዳይ መሞቷን የነገረኝ ሰው መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ የጨው ዘፈኗ ጥሩ ቅጂ አለህ ወይ ብሎ ነው። ድሮ ደብረ ታቦር ላይ ድምፅ ማጉያ ያከራየን የነበረ ሰው ነው። ምን ሊሠራልህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አልሰማህም እንዴ፣ እስቴ ላይ አርፋለች እኮ፣ ከፎቶዋ ጋር ልለጥፈው ብዬ ነው አለኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ አንድ የተፈታ ራዲዮ ፊቴ እንደተዘረጋ፣ እጄን ሳላነሳ ተቀምጬ ዋልኩ።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ነው የሚወራለት። እኔ አልችልበትም፤ እንጉዳይም ብትሰማኝ ትስቅብኝ ነበር። ነገረኛ ነበረች። ቁጡ ነበረች። ሰው ሲያወራ አቋርጣ የራሷን ትጀምራለች፤ የሰው ጋቢ ለብሳ ትሄድና ሲበርዳት እንጂ ሲበርድህ ትዝ አይላትም። እንደ እሷ ያለ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። እንደ እሷ ያዘንኩበት ሰውም የለም።

ንፋስ መውጫ ላይ ራዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። እሷ ከመንገዱ ማዶ ሹሩባ ትሠራ ነበር። የስማዳ ልጅ ናት፣ ከወገዳ ወዲያ። እናቷ በሕይወት ሳሉ ስማቸው የተጠራ ሙሾ አውራጅ ነበሩ፤ ሰው በሞተ ቁጥር በቅሎ ተጭኖ ይላክላቸዋል። እንጉዳይ ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላቸው እየተከተለች ለቅሶ ለቅሶ ነው ያደገችው። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣላትም፣ ማበጠሪያዋን ይዛ ከተማ ገባች። ችግሩ፣ እጇ ሹሩባ ሲሠራ አፏ ሙሾ ያንጎራጉራል። ሙሽራ ልትዋብ መጥታ፣ ከወንበሩ ስትነሣ ዓይኗ አብጦ ትወጣለች። እናት እየተከተለች ስትራገም ስንት ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። እንጉዳይ ምን ትላለች? «ዛሬ ካላለቀሰች መቼ ልታለቅስ ነው?»

አንድ ቀን በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ሱቄ ገባች። ባሕር ዳር ከአንድ የሆቴል ሙዚቀኛ ያገኘችው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ አይናገርም። «አንተ ሽቦ፣ ይሄን አናግርልኝ» አለችኝ። ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፣ ኋላ ከተማው ሁሉ ለመደው። የተቆረጠውን ቀጥዬ ከአሮጌ ማጉያ ጋር ሳገናኘው ሱቁ ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያ ላይ ያሉት ስልኮች ሁሉ ጮኹ። እሷ አልደነገጠችም። መዳፏን ማጉያው ላይ አድርጋ፣ የታመመ ልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ዝም ብላ ቆመች።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ጠጉራቸውን ያስረዘሙ ፈረንጆች ጊታር ይዘው ይጮኻሉ። ሮክ የሚሉት ነገር ነው። ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹት ብላት፣ «ሰው ሞቶባቸው ነው። ስማው እስቲ፣ ሙሾ እኮ ነው። እነሱ ደረት በመምታት ፈንታ ከበሮ ይመታሉ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው» አለችኝ። ሳቅኩባት። እቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስሰማው ግን እውነቷን ነው አልኩ።

ከበሮ መቺ ያገኘችበት መንገድ ደግሞ የራሷ ብቻ ነው። ከእኔ ሱቅ ጀርባ የብረታ ብረት ቤት አለ፣ በርና መስኮት ይሠራል። እዚያ የሚሠራ ማስረሻ የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ እሱም የስማዳ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ስቆ እንኳ ድምፅ የማያወጣ። ላሜራ በመዶሻ ሲያቃና ልኩን ጠብቆ ነው የሚመታ፣ ሰፈሩ በእሱ ምት ነው ሥራ የሚሠራው። እንጉዳይ ደጃፉ ላይ ቆማ በምቱ ላይ ሙሾ አወጣችበት። ቀና ብሎ አያትና መምታቱን ቀጠለ። እሷም ቀጠለች። ያን ቀን የሰው በር ጎብጦ ቀረ፣ ባለቤቱም ተሳድቦ ሄደ፣ እኛ ግን ባንድ ሆንን። ማስረሻ የከበሮዎቹን ቀለበት ከብረት በየደ፣ ለትልቁ ከበሮ የፍየል ቆዳ ወጠረ። ያን ጊታር እሷ ያዘች፣ እኔ ቤዝ የሚሉትን ባለ አራት አውታር ጊታር ከስልክ ላይ እያየሁ ተማርኩ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ እንጉዳይ «ቀስ፣ ሽቦ፣ ቀስ» እያለችኝ ነው የተጫወትኩት።

የምንለማመደው እሑድ እሑድ ከሰዓት ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ ነበር። ድምፅ ከሆድ ነው፣ ጉሮሮ በር እንጂ ቤት አይደለም ትላለች። ልታወጣ ስትል ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ትወረውርና ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ትደፍናለች፤ መድረክ ላይም እንዲያ ነው፣ ያለ ጋቢ ዘፍና አታውቅም። የባንዱን ስም ውርጭ አለችው። ጎረቤቱ ሁሉ አማተበ። የጉና ግርጌ ሰው ውርጭ ምን እንደሆነ ያውቃላ፣ የባቄላ አበባ ያረገፈበት ሁሉ። አንድ ቄስ አጎት ነበሩኝ፣ ጠርተው፣ ልጄ፣ ሰው ለልጁ የመዓት ስም ያወጣል ወይ አሉኝ። ለእንጉዳይ ነገርኳት። እርሳቸው የሚያውቁት ስም ያለውን መዓት ነው፣ ስም ያልወጣለት ሲመጣ ምን ሊሉ ነው አለችኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን በትምህርት ቤት አዳራሽ ተጫወትን። አቤት ውርደት! ሰው እጁን አጣጥፎ፣ ጆሮውን ይዞ፣ ግማሹም እየወጣ። እንጉዳይ መሀል ላይ አቆመችን። ማይኩን ወደ ሰው ዘርግታ፣ «እዚህ ውስጥ ሰው ያልሞተበት አለ?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ። «እንግዲያው ግጥም ስጡኝ፤ ለሞተባችሁ አወርድላችኋለሁ» አለች። ሰው አፈረ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው፣ ሰው አይደለም በሬ ነው የሞተብኝ፣ ይሆናል ወይ አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ይበሉ አባባ አለቻቸው። አሉ፤

ሞፈር አለ ብዬ ቀንበር አለ ብዬ፣
እርሻ እንዴት ልግባ ካላንተ በሬዬ።

እንጉዳይ ተቀበለች። አንድ ጊዜ በባዶ ድምፅ፣ ከዚያ ማስረሻ ከሥር ገባ፣ ከዚያ ጊታሩ። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ ቆሞ አብሮ ይላል። ሽማግሌው ደረታቸውን ይመታሉ። የሳቀው ሁሉ ያለቅሳል፣ ያለቀሰው ይዘላል። ያን ቀን የተቀረጸው ቪዲዮ ኔትወርክ በመጣ ቀን ሁሉ ከስልክ ስልክ እየተዛወረ ታች ጋይንት ወረደ፣ እስቴ ተሻገረ፣ ደብረ ታቦር ገባ። ከዚያ ወዲህ ልማዳችን ያው ሆነ፤ ሕዝብ ይሰጣል፣ እሷ ትቀበላለች፣ እኛ እንከተላለን። የሞተ ልጅ፣ የሄደ ባል፣ የተሰደደች እህት። መንገድ በተከፈተ ቁጥር የሚጠራን አናጣም ነበር።

እናቷ የተዉላት አንድ ደንብ ነበራት። ሙሾ አውራጅ የተሰጣትን ግጥም አትመልስም። ለቅሶ ቤት ዘመድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ሟቹን እንዲህ በይልኝ ይላታል፣ ትላለች። አያምርም፣ አይሆንም፣ ይሄ ይቅር አትልም። አንድ ቀን ክፉ ግጥም ቢሰጡሽስ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እኔ ከመረጥኩ የእኔ ሙሾ ሆነ፣ የእነሱ መሆኑ ቀረ» አለችኝ። ይህን ነገር ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ በደንቧ እኮራ ነበር።

ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጥቶ ነበር፣ ዘፈን የሚያሳትም። መልካም ሰው ነው፣ ክፉ አላየንበትም። ከበሮው ይቅር፣ በኪቦርድ እንሠራዋለን፣ ግጥሙንም ገጣሚ ይጽፍልሻል፣ ይሄ ከሕዝብ መቀበሉ ለካሴት አይሆንም አላት። እንጉዳይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰምታ ጨረሰችና፣ ጌታዬ፣ እርስዎ የሚፈልጉት እኔን ሳይሆን ጉሮሮዬን ነው፣ እሱን ደግሞ ብቻውን አልልክም አለችው። ማስረሻ ያለ ድምፅ ስቆ ከተቀመጠበት በርሜል ሊወድቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የማንም አይደለንም፣ የራሳችን ነን ብለን ሦስታችንም በደስታ ሰከርን። ደስ ካለኝ ቀን ሁሉ እሱ ቀን ይበልጥብኛል።

አሁን የማስረሻን ነገር ማውራት አለብኝ። እንዲያው ከመጀመሪያውም ለዚህ ነው የተነሣሁት።

ማስረሻ ታላቅ ወንድሙ በእርሻ ድንበር ጠብ ተገድሎበት ነበር፣ ባንዱ ሳይመሠረት በፊት። ገዳዩ ቆላ ወርዶ ጠፋ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የቀረው ወንድም ላይ ነው ዓይን የሚያርፈው። ማስረሻ ግን ደም አልፈለገም። ሽማግሌዎችና ቄሶች ገብተው፣ የገዳዩ አባት ካሳውን ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሊመጣ፣ በጥምቀት ማግስት ደሙ ሊደርቅ ቀን ተቆርጦ ነበር። ማስረሻ በአፉ ይቅር ብያለሁ ማለት ነው የቀረው። ከዚያ ሊያገባ ነው፤ ልጅቱን አሳይቶናል፣ ለቤቱ በር ሠርቶ ጨርሷል፣ በላዩ ላይ ብረት አጥፎ አበባ አድርጎበት። እናቱ እማማ ጥሩዬ ግን ይሁንም አይሁንም አላሉም። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ሽማግሌ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ።

ወገዳ የተጠራነው ከዚያ ጥምቀት በፊት፣ በኅዳር መጨረሻ ነው። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ። አገሬው እህሉን አስቀምጦ መጣ። እኔ ጊታሬን እንዳነገትኩ ጄኔሬተሩ አጠገብ ነበርኩ፣ እየታፈነ ስላስቸገረኝ። ሰው ግጥም ሰጠ፣ እንጉዳይ ተቀበለች፣ የስማዳ ሰው ደግሞ ሙሾ ያውቃል፣ ልጃቸው ስለሆነች ነፍሱን ሰጣት። ከዚያ ሕዝቡ መሀል ለመሀል ተከፈለ። እማማ ጥሩዬ በጥቁር ልብሳቸው እየመጡ ነው። ማን እንደሆኑ የማያውቅ የለም። እንጉዳይ ከመኪናው ጎንበስ አለችላቸው፣ እሳቸው ተንጠራርተው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ያን ያህል ሰው እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ የእኔ ጄኔሬተር ብቻ ነው የሚጮኸው።

እንጉዳይ ቀና አለች። ወደ ማስረሻ ዞረች፣ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ጋቢዋን ወረወረች፣ ጆሮዋን ደፈነች።

ያንድ እናት ልጅ ወድቆ ቀብረነው ስንመጣ፣
ወንድሙ ገበያ ጨው ሊሸምት ወጣ።

ማስረሻ ከበሮው ላይ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ በባዶ ድምፅ አለችው። ሁለተኛው ላይ ማስረሻ ገባ። ምን ያድርግ? ባይገባ ምን ሊባል ነው? እኔም ተከተልኩ። ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ወንዱ ዱላውን ወደ ሰማይ ያነሣል። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ከዚያ ቀን የተሻለ ተጫውተን አናውቅም።

ስንመለስ ማስረሻ መኪናው ላይ አልተናገረም፤ ዝምተኛ ነውና አልገረመንም። የገረመን ስልኩ ነው። ንፋስ መውጫ ሳንደርስ ቪዲዮው ቀድሞን ደርሷል። በሳምንቱ ውርጭን የማያውቅ የለም። የማናውቃቸው ሰዎች ከባሕር ዳር፣ ከወልድያ፣ ከአዲስ አበባ ይደውላሉ። ለእነሱ ዘፈን ነው፣ ወንድሙ ማን እንደሆነ አያውቁም። እዚህ ግን ያውቃሉ። ማስረሻ ላሜራ እየመታ ሳለ የሚያልፈው ሁሉ ያፏጨዋል። በገበያ ሰው ጨው እንደ ቀልድ ይጋብዘዋል። የልጅቱ አባት ትንሽ እንቆይ አለ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ በደህና ቀን፣ በፍቅር፣ ወንድሜ፣ ለዚህ ምን ልታደርግ ነው አለው።

እንጉዳይ ዘፈኑን ወገዳ ላይ ከዘፈነችው ወዲህ ደግማ አላለችውም። ምን ዋጋ አለው፣ ባትለውም ሕዝቡ ራሱ ይለዋል። ከዚህም ብሶ ጨው በኪሱ ይዞ መምጣት ጀመረ፣ ሲደሰት በእፍኝ መድረኩ ላይ ይበትናል። ያ ጨው የሚያርፈው የፍየሉ ቆዳ ላይ፣ የማስረሻ ጠጉር ላይ ነው። አንድ ቀን ተው፣ አትምጣ፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን አልኩት። «ከበሮው ላይ ካልተቀመጥኩ ሸሸ ይሉኛል» አለኝ።

እንጉዳይ መብላት ተወች። ሹሩባ ቤቱን ዘጋች። ሰጪው ያልቀየረውን እኔ አልቀይረውም፣ ብቀይረውም ማንም አይቀበለኝም ትላለች። ስለዚህ አንድ ማለዳ ስማዳ ወረደች። ድንጋይ ተሸክማ እማማ ጥሩዬ ደጅ ተንበረከከች። አብሬያት ነበርኩ። እማማ ጥሩዬ መጀመሪያ አላዩዋትም። ቀትር ሆነ። ትከሻዋ ደማ። አንቺ ልጅ፣ ምን ላድርግሽ አሏት በመጨረሻ። ሌላ ግጥም ይስጡኝ አለች። አሮጊቷ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲያ ያኔ ነው ያለቀሱት ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። ከዚያ ሰጧት፤

የሄደውስ ሄደ ነፍሱን ይማርልኝ፣
የቀረኝ አንዱ ልጅ ጨው ሸምቶ ይግባልኝ።

መንገዱን ሁሉ እየደጋገመችው መጣች። ይኼ ያድነዋል አለችኝ። እኔም አመንኩ። እንዴት አላምን? እናቱ በገዛ አፋቸው በቃህ፣ ቅርልኝ ብለዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ።

ደብረ ታቦር ላይ የተሰበሰበው ሰው እስከዚያ ቀን ካየነው ሁሉ ይበልጣል። እንጉዳይ ገና ከመውጣታችን ማይኩን ይዛ፣ ይህን ግጥም የሰጠችኝ የዚያው ልጅ እናት ናት ብላ ጀመረች። እንደዚያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። ማስረሻ ከበሮውን አልመታም፤ ጭንቅላቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ትከሻው ሲወርድ አየሁ። ሲቀልለው በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ከፊት ያለ አንድ ሰው የፊተኛውን አለ። ሌላው ተከተለው። የፊተኛውን! የፊተኛውን! እሷ ድምፅዋን ጨመረች፣ እነሱ ጨመሩ። ጨው በአየር ላይ ሄደ። በመጨረሻ ሕዝቡ ራሱ ያንድ እናት ልጅ ወድቆ ብሎ አነሣው፣ እሷን ዋጣት። አንድም ስልክ የእናትየውን ግጥም አልቀረጸም፤ በኋላ ፈልጌ ፈልጌ አጥቻለሁ። ማስረሻ ቀና አለ። ጨዉን ከቅንድቡ ጠረገ። ሕዝቡ የሚለውን ዘፈን እስከ መጨረሻው በምት አጀበላቸው፣ አንድም ምት አልሳተ። ሲያልቅ ዱላዎቹን ከበሮው ላይ አስተካክሎ አስቀምጦ በኋላ በኩል ወረደ።

በጥምቀት ማግስት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቢጠብቁ አልመጣም። የገዳዩን ታናሽ ወንድም ከአውድማ ጭድ ተሸክሞ ሲመለስ አግኝቶ ገድሎት ነበር። ልጁ ጠቡ ሲነሣ አገር ውስጥ አልነበረም፤ ለዕርቁ ቀን የሚታረደውን በግ የመረጠው እሱ ነው ይሉ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ማስረሻን ደግሞ የልጁ ዘመዶች ወንዝ ዳር ገደሉት። እማማ ጥሩዬ ሁለተኛውን ቀበሩ። በዚያ ሰሞን የጨው ዘፈን ከምንጊዜውም በላይ ተሰማ፤ ወሬውን የሰማ ሁሉ እውነተኛ ታሪክ ነው እያለ ይለጥፈዋል። አንድ የአዲስ አበባ አዳራሽ ደውሎ፣ ከበሮ መቺ እኛ እናዘጋጃለን አለኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

እንጉዳይ እስቴ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ጊታሩን የት እንዳደረሰችው አላውቅም። እዚያ ማንም አላወቃትም፣ ጠጉሯን ቆርጣለች፤ ሹሩባ ትሠራለች፣ አፏን ዘግታ። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄድኩ። ጉበቷ ታሟል፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ ሰው ግን ሐዘን ነው ይላል። ላጽናናት ብዬ፣ በራስሽ አትፍረጂ፣ ደንብሽ ነው፣ የተሰጠሽን ተቀበልሽ እንጂ ምን አደረግሽ አልኳት። ያን ነገር ለሰው ሁሉ ስናገርላት ነበር የከረምኩት።

«ሽቦ፣ ወገዳ ላይ አንተ ጄኔሬተሩ ጋ ነበርክ። አልሰማህም» አለችኝ። «ዞሬ ማስረሻን ሳየው፣ እንጉ ተይ አለኝ። በአፉ ነው ያለኝ፣ ሰማሁት። ግጥሙን ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ብል ማን ያውቅ ነበር? ግን ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ነበር። እንደዚያ ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም። ያን ጸጥታ ላጣው አልፈለግኩም።»

ሻዬን ጠጥቼ፣ ደህና ሁኚ ብያት መጣሁ። ዳግመኛ አላየኋትም።

ለቀብሯ እስቴ ስደርስ ሰው ጥቂት ነው። ቄሶቹ ጨርሰው ሲበተኑ አንዲት አሮጊት ከመቃብሩ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ጥሩዬ ናቸው። ከስማዳ ድረስ በእግርና በመኪና መጥተዋል። ጠጋ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ በጆሮዋ ነበር የነገርኳት። ሆዴ አሮ ልተንፍስ ብዬ እንጂ ትለዋለች ብዬ አልነበረም። ጓደኛው ናት፣ ትውጠዋለች ብዬ ነበር። የግድ ማለት ነበረባት ወይ?»

አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ከእኛ አሥር እርምጃ አይርቅም። አፌ የለመደውን ተናገረ። ደንብ ነው እማማ፣ ሙሾ አውራጅ የተሰጣትን አትመልስም አልኳቸው።

ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። «እንግዲያው ልጄን የበላሁት እኔው ነኝ» አሉ።

ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ወደ መቃብሩ አየሁና ዘጋሁት። እሳቸው ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ አሉኝ፣ መንገድ ጀመሩ።